ዘጌ ጫካ ውስጥ አሮጌ የሣር ቤት ተከራይቶ ማደር፦ የሞከረ አለ?

#1 ጌሾ_ቅጠል | ባሕር ዳር | ማክሰኞ ማታ

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች።

ባሕር ዳር ኖሮ ዘጌን፣ ያቺን ጣና ዳር ያለች ጫካ የለበሰች ልሳነ ምድር፣ ያልረገጠ ጥቂት ነው። ግን አብዛኞቻችን የምናውቃት የጠዋቷን ዘጌ ነው። ጀልባ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ሥዕሉን አይቶ ቡና ጠጥቶ መመለስ። ከመሸ በኋላ ያለው ጫካ የአገሬው ብቻ ነው።

ዘንድሮ እኛ አደርንበት። ባለቤቴ፣ እኔና የእህቴ ልጆች። ቤቱ ከዘጌው አራራት ተራራ ግርጌ፣ ቡናው መሀል ነው። ክብ ነው፤ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር። ባለቤቷ እማማ «የአያቴ ቤት ነው» ይላሉ። ዕድሜውን በዓመት የሚነግርሽ የለም፤ ምሰሶውን ስታዪ ግን መጠየቁን ትተዪዋለሽ። ጭስ ጠጥቶ ጠጥቶ እንደ ተወለወለ ጫማ ጠቁሮ ያበራል። ጥላሸት ይይዘኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እጄ ላይ ምንም የለም። ሰው ሲነሳና ሲቀመጥ የሚደገፍበት ቦታ ላይ ብቻ ትንሽ ጎደጎድ ብሏል።

ዕቃ ብሎ ነገር የለም። ግድግዳውን ተከትሎ መደብ አለ፤ ልጆቹ እዚያ ላይ ተኙ። ለእኛ የጠፍር አልጋ። ውሃ በጀሪካን ይመጣል። ሽንት ቤቱ ውጭ ነው፤ ባትሪ ይዞ መሄድ ነው። መብራት የለም፤ ስልክ መሙያ የሚሆን ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ግን አለ። እራት ሽሮ፣ በማግስቱ የተጠበሰ ቆሮሶ፣ የጣና ዓሣ። ቡናው ከደጅ ተለቅሞ የደረቀ ነው፤ በሙቀጫ ተወቅጦ ሲፈላ ልጆቹ ራሱ ዝም አሉ።

አንድ ነገር ግን አስገርሞኝ መጣሁ። እማማ ቤቱን የሚያከራዩት በአንድ ውል ነው። እሳት ሳይነድ አይታደርም። ሙቀት ቢሆንም ባይሆንም፣ ከመሸ ምድጃው ላይ እንጨት ይማገዳል፣ ቤቱ ይታጠናል፣ ከዚያ ፍሙ ይወጣና ይተኛል። እንግዳ በሌለበትም ራሳቸው እየሄዱ ያነዱለታል። ጭሱ ዓይኔን ሲለበልበኝ ትንሽ ተነጫነጭኩ። እሳቸው «ለእናንተ አይደለም፣ ለቤቱ ነው» አሉኝ።

አሁን ልጆቻቸው ቆርቆሮ ሊያለብሱት ነው አሉ። የእንግዳ ገንዘብ ከተጠራቀመ መጀመሪያ የሚሠራው እሱ ነው። እኔ ልቤ አዘነ፤ ግን የሰው ቤት ነው። እስቲ የምታውቁ አስተያየት ስጡ። እንዲህ ዓይነት ቤት ሌላ ቦታ የምታውቁም ጠቁሙን።


#2 ሆቴል_ይሻለኛል | ቀበሌ 14

እህቴ፣ እኔ አሥራ ሁለት ክፍል የተማርኩት ከጭስ ቤት ለመውጣት ነው። አንቺ ከፍለሽ ገባሽ። 😄

የምሬን ግን፣ እኔ የባላገር ልጅ ነኝ። የሣር ቤት ትኋኑን፣ ቁንጫውን፣ አይጡን አውቀዋለሁ። ለአንድ ሌሊት ለፎቶ ያምራል። ለሚኖርበት ሰው ቆርቆሮ እረፍት ነው። እማማ ልጆቻቸው ቆርቆሮ ቢያለብሷቸው ምን ያሳዝናል?


#3 ባለ_ጀልባ | ጣና ዳር

ስለ ጉዞው የጠየቀ ባይኖርም ልናገር፤ መምጣቱ አይቀርማ።

ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ እንደ ሞተሩ። በጠዋት ውጡ። ጣና ጠዋት ዝም ይላል፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉ ልጅ ያስለቅሳል። «ከምሳ በኋላ እንሂድ» የሚሉኝ እንግዶች አሉ፤ እኔ አልወስድም። በመኪናም መንገድ አለ።

ስታድሩ ዋጋ የሚበላባችሁ ቤቱ ሳይሆን ጀልባው ነው። ሰው ሰብስባችሁ ተካፈሉ። ጀልባው አድሮ ይጠብቅ ወይስ በማግስቱ ይምጣ የሚለውን ወደቡ ላይ ሳትነሱ ጨርሱ። በውሃ ላይ የሚደረግ ድርድር አይጥምም። የሕይወት ጃኬት ደግሞ ጠይቁ፣ አትፈሩ።

ሌላው፣ የሰላሙንና የመንገዱን ሁኔታ በምትሄዱበት ዕለት ጠይቁ። የባለፈው ሳምንት ወሬ አይሠራም።

ማታ ከውሃው ዳር ራቁ። ጉማሬ ሣር ለመጋጥ የሚወጣው በጨለማ ነው።


#4 ምሰሶ | ባሕር ዳር

እማማ ያሉት ልክ ነው። እሳቱ የቤቱ መድኃኒት ነው። እኔ የምተዳደረው በግንባታ ነው፤ የሣር ቤትም አፍርሼ ሠርቻለሁና ትንሽ ልዘርዝረው።

የሣር ክዳን ዝናብ ሲመታው እስከ ውስጥ አይርስም። ተዳፋቱ ቀጥ ያለ ከሆነ ውሃው ላይ ላዩን ይወርዳል፤ የሚረጥበው የላይኛው ሽፋን ብቻ ነው። ችግሩ እርጥበቱ ሳይደርቅ ሲከርም ነው። ያን ጊዜ ሣሩ ይሻግታል፣ ይበሰብሳል። ከሥር የሚመጣው ሙቀትና ጭስ ያደርቀዋል። ጥላሸቱ ደግሞ ማገሩና ሣሩ ላይ ይለጠፍና ነቀዝና ምስጥ እንዳይመቻቸው ያደርጋል። ለዚህ ነው ሰው የሚኖርበት የሣር ቤት ከባዶው ይልቅ ብዙ ዘመን የሚቆየው። ዘግታችሁት ሁለት ክረምት ይለፈው፤ ክዳኑ ይሰምጣል።

ምሰሶው ጎደጎደ ያልሽው ወይራ ወይም ጥድ ቢሆን ነው። እነዚህን ምስጥ ቶሎ አይደፍራቸውም። ዛሬ ሰው በባሕር ዛፍ ይሠራል። ሳይታከም መሬት ውስጥ የተቀበረ ባሕር ዛፍ ጥቂት ዓመት ነው፤ ከሥሩ ይበላል፣ ቤቱ ይዘማል።

ስለ ቆርቆሮው። ሆቴል ወንድሜ፣ ቆርቆሮ መጥፎ ነው አልልም። ግን በአሮጌ ጭቃ ቤት ላይ ሲጫን የሚሆነውን ላሳይህ። የሣር ክዳን ጫፉ ረጅም ነው፣ ከግድግዳው ብዙ ይወጣል፣ ዝናቡን ከጭቃው ያርቀዋል። ቆርቆሮ በቅጠል እየተቆጠረ ስለሚገዛ ሰው ጫፉን ያሳጥራል። በመጀመሪያው ክረምት ዝናብ ግድግዳውን ይገርፋል፣ ከጣሪያው የወረደው ውሃ መሬት መትቶ እየፈናጠረ የታችኛውን ምርጊት ያጥበዋል። ሦስት ክረምት ሳይሞላ ጭቃው ረግፎ እንጨቱ ይታያል። ያን ጊዜ «የጭቃ ቤት አይረባም» ይባልና ብሎኬት ይመጣል። ቤቱ ያለቀው በቆርቆሮው ጊዜ ነበር።

ደግሞ ክቡን ቤት በቆርቆሮ መሸፈን አስቸጋሪ ነው። ቅጠሉ ተቆራርጦ ብዙ ይባክናል። ስለዚህ ክቡ ይፈርስና አራት ማዕዘን ይሠራል። ብዙ ቦታ የሆነው ይኸው ነው።


#5 ጌሾ_ቅጠል

አያ ምሰሶ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የጫፉን ነገር እኔም አስተውያለሁ። ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ ዝናብ እየዘነበ ግድግዳው ደረቅ ነበር። ከውስጥ ደግሞ ዝናቡ አይሰማም! እኛ ቤት ዝናብ ሲመጣ ቴሌቪዥን እንዘጋለን። እዚያ ልጆቹ ተረት እየሰሙ ነበር፤ መዝነቡን ያወቅነው ጠዋት ነው።


#6 የዘጌ_ልጅ | አዲስ አበባ

ሰላም። ዘጌ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ክሩን ሳነብ ደስም አለኝ፣ ከፋኝም።

ደስ ያለኝ ሰው ማደር መጀመሩ ነው። የከፋኝ «ቆርቆሮ አታድርጉ» የሚለው ከሩቅ ሲመጣ ነው። የሣር ቤት መክደን ጉልበትና ገንዘብ ይጠይቃል። እናንተ ሳታውቁት የቀረ አንድ ነገር አለ። ዘጌ ውስጥ በሬ አይጠመድም፣ ከብት አይረባም። የዘጌን ገዳም የመሠረቱት የአቡነ በትረ ማርያም ሥርዓት ነው ተብሎ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ጫካው እስከ ዛሬ የቆመውም በዚሁ ነው። አገሩ በሙሉ ዛፍ ነው፤ ዋንዛ፣ ሰሳ፣ ብርብራ፣ እሸ፣ ከሥሩ ቡናና ጌሾ። ስለዚህ የግጦሽ ሜዳ የለም። ሜዳ ከሌለ የክዳን ሣር ከየት ይመጣል? ከውጭ ይገዛል። ጤፉም ከውጭ ነው፤ ቡና፣ ጌሾ፣ ሎሚ እንሸጣለን፣ እህል እንገዛለን። ሣሩም እንዲሁ። ድሮ በደቦ ይከደን ነበር፤ ጠላ ጠምቀሽ ጎረቤት ጠርተሽ። አሁን ወጣቱ ባሕር ዳር ነው፣ ጣሪያ ላይ የሚወጣው ሽማግሌ ነው። አንድ የማውቃቸው አባት ከጣሪያ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ልጆቻቸው በዓመቱ ቆርቆሮ አደረጉ። ማን ይፈርድባቸዋል?

ሁለተኛ፣ ጫካው ራሱ ተጨንቋል። የቡና ዋጋ ሲወድቅ ሰው እንጨት ቆርጦ በታንኳ ባሕር ዳር ይሸጣል። ማገዶ ሁልጊዜ ገበያ አለው። እንግዳ ጀልባ ይከፍላል፣ አስጎብኚ ይከፍላል፣ የገዳም መግቢያ ይከፍላል፤ ቡናው መሀል ለሚኖረው ገበሬ የሚደርሰው የአንድ ስኒ ዋጋ ነው። እንግዳ ካደረ ግን ገንዘቡ እቤቱ ይገባል። ስለዚህ ኑና እደሩ። ግን ቤቱ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ የክዳኑን ነገር አብራችሁ አስቡ።


#7 ሆቴል_ይሻለኛል

የዘጌ ልጅ ተናገረልኝ። 🙏 «ባህላችንን ጠብቁልን» የሚል ሰው ሁሉ ቤቱ ኮርኒስ አለው።


#8 ነጭ_ጋውን | ጎንደር

ነርስ ነኝ። ቤቱን አላየሁትም፤ ስለ ማደሩ ግን የምለው አለኝ።

ወባ፦ ጣና ዳር ወባ አለ። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይብሳል። አጎበር ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያ ይኖራል ብላችሁ አትመኑ። ክብ ቤት ውስጥ ለመስቀል ሲባጎ ያስፈልጋል፤ ማገሩ ላይ ይታሰራል። «ጭስ ስላለ ቢንቢ የለም» የሚል ትሰማላችሁ። ጭስ ይቀንሳታል እንጂ አያጠፋትም፣ ደግሞ ስትተኙ ጭሱ የለም። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትጠብቁ፣ ተመርመሩ።

ቢልሃርዝያ፦ ሐይቁ ዳር ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ልጆችን አታንቦጫርቁ። ተውሳኩ ከቀንድ አውጣዋ ወጥቶ በቆዳ ይገባል፤ መጠጣት አያስፈልገውም። እጅ እግር የሚታጠበው ከጀሪካኑ ነው። የሚጠጣው ተፈልቶ።

እሳቱ፦ ጌሾ፣ «ፍሙ ይወጣና ይተኛል» ያልሽው ትልቁ ነገር ነው። እማማ አዋቂ ናቸው። በተለይ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አቀጣጥሎ መተኛት ይገድላል፤ የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም፣ የተኛው ሰው አይነቃም። አስም ያለበት ሰው ደግሞ ቤቱ ሲታጠን ውጭ ይቆይ። ባልዲ ውሃ በሩ አጠገብ ይኑር፤ ክዳኑ ሣር ነውና።


#9 ሩቅ_አገር | አሜሪካ

ከሩቅ ብገባ አትቆጡኝ። እኔ ያለሁበት አገር ምዕራብ በኩል ተራራ ላይ ጫካ ውስጥ አሮጌ የእንጨት ቤት ተከራይቶ ማደር የተለመደ ነው። እኛም ከሐበሻ ጓደኞች ጋር እንሄዳለን። ከዘጌው ጋር የሚመሳሰልበትና የማይመሳሰልበት ስላለ ልንገራችሁ።

ቤቶቹ የመንግሥት ናቸው። የአሜሪካ የደን አገልግሎት ጠባቂዎች በፈረስ በሚዞሩበት ዘመን የሚያድሩባቸው ነበሩ። አንዳንዶቹ የሰደድ እሳት መጠበቂያ ማማ ናቸው። ብዙዎቹ በ1930ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠሩ ናቸው። ያን ጊዜ በኢኮኖሚ ድቀቱ ሥራ ያጡ ወጣቶች «ሲቪልያን ኮንሰርቬሽን ኮር» በሚባል ፕሮግራም (ከ1933 እስከ 1942) ጫካ ገብተው መንገድ፣ ድልድይ፣ ቤት ሠርተዋል። በኋላ መኪናና አውሮፕላን ሲመጣ ጠባቂ ተራራ ላይ ማደሩ ቀረ። ቤቶቹ ባዶ ሆኑ። አንዳንዱ ፈረሰ፣ አንዳንዱ ለሕዝብ ይከራይ ተባለ።

አሁን በኢንተርኔት ይያዛል፤ ታዋቂዎቹ ከወራት በፊት ያልቃሉ። ስትደርስ የምታገኘው ከጌሾ ቤት ብዙ አይለይም። የብረት ምድጃ፣ ጣውላ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ውጭ ሽንት ቤት። ብዙዎቹ ጋ ውሃ የለም፣ መብራት የለም። ቁልፉ በቁጥር የሚከፈት ነው፤ የሚቀበልህ ሰው የለም። እኔን የሚከብደኝ ይኼ ነው። ቡና አፍልታ «ግቡ» የምትል እማማ የለችም። ሄደህ ራስህ ትከፍታለህ፣ ራስህ ትዘጋለህ።

መጀመሪያ ስትገባ በርና መስኮት ከፍተህ ታናፍሳለህ። የአይጥ ኩስ ካለ በደረቁ አትጠርግም፤ በበረኪና አርሰህ በጨርቅ ታነሳለህ። እዚያ አገር አይጥ የሚያመጣው ሃንታ የሚባል ገዳይ ቫይረስ አለ። ስትወጣ ቆሻሻህን ተሸክመህ ትሄዳለህ፣ ወለል ትጠርጋለህ፣ ለሚቀጥለው እንግዳ እንጨት ፈልጠህ ትተዋለህ። ያልፈለጠ ሰው በእንግዳ መዝገቡ ላይ ይሰደባል።

ለክርክራችሁ የሚጠቅመው ግን ገንዘቡ ነው። ኪራዩ አብዛኛው እዚያው አካባቢ ለጥገና ይውላል። ታሪካዊ ተብሎ የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ጣሪያው በእንጨት ሽፋን ከነበረ በሚመስለው ይተካል እንጂ እንደፈለጉ አይለውጡትም። ግን ልዩነቱን አትርሱ። እዚያ የሚኖር የለም። የማንም እናት ጣሪያ አያፈስባትም። ያንን ሕግ እማማ ቤት ላይ መጫን ግፍ ነው።


#10 ምሰሶ

ሩቅ አገር፣ የመጨረሻውን በደንብ ብለኸዋል።

እኔ የምለው መሀል መንገድ አለ። እማማ የሚኖሩበት ሌላ ቤት ካላቸው እዚያ ቆርቆሮ ይልበሱ፣ ይረፉ። አሮጌው ለእንግዳ በሣር ይቆይ፤ ገቢ የሚያመጣው ሣር በመሆኑ ነውና። ሰው ቆርቆሮ ቤት ለማደር ጀልባ አይከራይም። ኪራዩ ላይ የክዳን ድርሻ ተለይቶ ይቀመጥ። ሙሉ ክዳን በየዓመቱ አይቀየርም። የሚያልቀው ጉልላቱ አካባቢና ነፋስ የሚመታው ጎን ነው። በየዓመቱ ያንን ብቻ ብትደርብ ቤቱ ቀጥ ብሎ ይኖራል። ሰው የሚከስረው ለዓመታት ትቶት አንዴ ሁሉንም ሲገዛ ነው።


#11 ሐምራዊ | ደብረ ታቦር

ሁለት ሴቶች ብቻችንን ብንሄድ እንዴት ነው? ደግሞ ገዳማቱ ሴት ያስገባሉ? አንዱ ደሴት ላይ መልሰውን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ፈራሁ።


#12 የዘጌ_ልጅ

እታለም፣ ሴት የማይገባባቸው አንዳንድ ደሴቶች ላይ ያሉት ናቸው፤ እንደ ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስ። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረትም አዝዋ ማርያምም ትገቢያለሽ። ነጠላ ያዢ፣ ጫማ በር ላይ፤ የቀረውን ሥርዓት ታውቂዋለሽ።

ማደሩን በተመለከተ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ሰው በስም ይዛችሁ ሂዱ። «የእገሊት እንግዳ ነን» ስትሉ አገሩ ሁሉ ይጠብቃችኋል። ወደቡ ላይ ዝም ብሎ ለሚጠጋ ደላላ ግን «አስቀድመን ተነጋግረናል» በሉት። ከጨለመ በኋላ በቡናው ውስጥ ያለ አስጠጊያችሁ አትዘዋወሩ፤ የሚያስፈራ ሰው ኖሮ አይደለም፣ መንገዱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ እኔም ልጅ ሆኜ ጠፍቻለሁ።

ጦጣ ምግብ ይነጥቃል። በር ዝጉ። ትልቅ እንሽላሊት ካያችሁ አርጃኖ ነው፣ መንገድ ልቀቁለት፣ ይሄዳል።


#13 ጉና_ነፋስ | ባሕር ዳር

ጌሾ፣ ሌላ ቦታ ላልሽው፦ ተራራና ደን አንድ ላይ ከፈለጋችሁ አዲስ ዘመን አጠገብ ጣራ ገዳም አለ። ጫካው ገዳሙ ስላለ የተረፈ ነው፤ ዙሪያው ሁሉ እርሻ ነው። ግን ኪራይ ቤት ብላችሁ አትሂዱ፣ ለጸሎት የሚሄድ ሰው ነው የሚያድረው። ሰሜን ተራሮች ደግሞ ሳንቃ በርና ጨነቅ ማደሪያ አላቸው፤ ያ ሌላ ነገር ነው፣ ብርዱም ሌላ ነው። አሮጌ ቤት ለሚወድ ጎርጎራ ወደብ አካባቢ የጣሊያን ዘመን ግንብ አለ። የአፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ፍራሽም በዚያው በኩል ነው። እንዲያውም በ1990ዎቹ እኛ ስንሄድ…


#14 አወያይ

ጉና ነፋስ፣ ስለ ጎርጎራ ለብቻው ክር ክፈትልን፤ ብዙ ሰው ይፈልገዋል። እዚህ ስለ ዘጌው ቤት እንቀጥል። የባለቤቷን ስምና ስልክ በግልጽ አትለጥፉ፤ የለጠፋችሁትን አንስቻለሁ።


#15 ሆቴል_ይሻለኛል

ጥያቄ አለኝ፣ ቀልድ አይደለም። የክዳን ድርሻ ይቀመጥ ተባለ። ማን ነው የሚያስቀምጠው? አንድ ሌላ ቦታ «ለማኅበረሰቡ» ተብሎ ከእንግዳ የተሰበሰበ ገንዘብ የት እንደገባ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ኮሚቴ ሲባል እኔ ይጨንቀኛል።


#16 ጌሾ_ቅጠል

ኮሚቴ የለም ወንድሜ። ዛሬ ለእማማ ልጅ ደወልኩ። ይሄንን ሁሉ አነበብኩለት፤ የአንተን «አሥራ ሁለት ክፍል» ሲሰማ ሳቀ። እሱ የሚለው እንዲህ ነው። ቆርቆሮ የፈለጉት አምሮ ሳይሆን ሣሩን የሚከድን ሰው ስላጡ ነው። ጉልላቱ ጋ ያለው አፍስሷል። ሙሉውን ለማስከደን የተጠየቀው ዋጋና የቆርቆሮው ዋጋ ሲነጻጸር ቆርቆሮው አሸነፈ። «ጉልላቱን ብቻ» የሚል ያማከራቸው አልነበረም።

ስለዚህ ገንዘብ አናዋጣ። የሚከራይ ሰው ለማደሪያው የሚከፍለውን ይክፈል፣ በገንዘብ ፈንታ አንድ ሸክም ሣር ገዝቶ ይዞ መምጣት የሚፈልግም ይችላል ብሏል ልጁ። ሣር ኪስ ውስጥ አይገባም፣ ሆቴል።


#17 ምሰሶ

ግሩም ነው። ሰንበሌጥ ይሁን፣ የስንዴ ገለባ እንዳታመጡ። ታጭዶ በደንብ የደረቀ፣ ያልተሰባበረ። ከኅዳር አጋማሽ በኋላ ገበያ ላይ ጥሩው ይወጣል። እርጥብ ሣር ከገዛችሁ በክዳኑ ላይ ይሻግታል።

ጉልላቱን እኔ እወጣለሁ። ከእኔ ጋር ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱ ሣር የሚያቀብል፣ አንዱ ከውስጥ ሆኖ ሣሩ የሚሰፋበትን መርፌ የሚመልስ። ጠፍር ወይም ጥሩ ገመድ ያስፈልጋል። ላስቲክ ገመድ አልፈልግም፤ ጭስና ሙቀት ያደርቀዋል፣ ይበጣጠሳል።


#18 ሆቴል_ይሻለኛል

ማቀበል እችላለሁ። ከውስጥ ግን አልገባም፣ ጥላሸቱ ሸሚዝ ያበላሻል።


#19 የዘጌ_ልጅ

ለገና ወደ አገር ቤት እገባለሁ። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ብታደርጉት እኔም እኖራለሁ። ለእናቴ ነግሬያታለሁ፤ ጠላው በእሷ በኩል ነው። ጾም ስለሆነ ጥሬ ሥጋ የሚጠብቅ ካለ አሁኑኑ ተስፋ ይቁረጥ።


#20 ነጭ_ጋውን

ጣሪያ የሚወጣው ሰው ገመድ ወገቡ ላይ ይሰር። ዳሌያቸው የተሰበረውን አባት አንብቤያለሁ።


#21 ባለ_ጀልባ

ሰዉን እወስዳለሁ፣ ጠዋት 12፡30 ወደቡ ላይ ሁኑ፣ ዋጋው የአገር ሰው ዋጋ ነው። ሣሩን ግን በሞተር ጀልባ አልጭንም። ቤንዚን ባለበት ደረቅ ሣር አይገባም። ታንኳ ፈልጉለት፣ ወይም በመኪናው መንገድ ይሂድ።


#22 የዘጌ_ልጅ

ታንኳም አይሆንም፣ ካነሳ በኋላ ነፋስ ቢመጣ ሣሩ ይረጥባል። በመኪናው መንገድ ይሁን። አንድ አይሱዙ ያለው ዘመድ አለኝ፣ ነገ እጠይቀዋለሁ። ስንት ሸክም እንደምናመጣ ምሰሶ ይንገረኝ።